ሞተሩን ከመወንጀል በፊት

ጎብዬ ላይ ሐይቅ የለም። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ማሽላና ጤፍ የከበባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሆኖም ያገለገለ ጀልባ ገዝቶ «ሞተሩ ደክሟል፣ ትልቅ ይግባለት» እያለ ገንዘቡን ውሃ ላይ ሊበትን ለተነሳ ሰው ከጎብዬ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። የራያ ገበሬ ይህንኑ ስህተት በውሃ ሞተር ላይ ሲከፍልበት ኖሯልና።

ታሪኩ የአንድ መካኒክ ነው። ዕድሜው ከሃምሳ የዘለለ፣ እድሜውን ሙሉ የገበሬ የውሃ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ የጎብዬ ሰው። በቆቦና በጊራና ሸለቆ ከጉድጓድም ከወንዝም ውሃ ስቦ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ሰው ብዙ ነው። በጋው ሲጠና ውሃው ወደ ታች ይሸሻል። ያን ጊዜ ገበሬው አንድ ቀን ሞተሩን በአህያ ጭኖ ይመጣና «ደክሟል፣ አይስብም» ይላል። ገንዘብ ያለው ደግሞ ሳይጠይቅ እጥፍ ጉልበት ያለው ሞተር ገዝቶ ይገጥማል። ውሃው ግን አሁንም አይመጣም።

ለምን? ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃን «አይስብም»። ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ ክብደት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ገደማ ይገፋል። ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ በሚጠጋው የቆቦ ሜዳ አየሩ ስለሚሳሳ ልኩ ከ9 ሜትር በታች ይወርዳል። የቧንቧው መጋጨትና የመጋጠሚያው ማፍሰስ ሲቀነስ በተግባር የሚገኘው 6 ወይም 7 ሜትር ነው። ውሃው ከዚያ በታች ከሸሸ የባቡር ሞተር ቢገጠምም ለውጥ የለም። መፍትሔው የጉድጓዱን አፍ በደረጃ ቆፍሮ ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ ነው። ወጪው የአካፋና የጉልበት ነው።

መካኒኩ ከዚህ አንድ ልማድ ይዞ ቀርቷል። ሰው «ሞተሩ ደክሟል» ሲለው መጀመሪያ ሞተሩን አያይም፤ ሞተሩ የሚያዞረውን ነገር ያያል።

የእህቱ ልጅ ባህር ዳር ነው። ከጓደኛው ጋር ዕቁብ አውጥተው፣ ተበድረውም፣ ያገለገለች የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዙ። ርዝመቷ ስድስት ሜትር ገደማ፣ ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ምት ሞተር የተንጠለጠለባት ናት። ዕቅዱ ጎብኚ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ማመላለስ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭቱ ሲበረታ ጎብኚው ሳሳ፤ የተረፈው ተሳላሚና የአካባቢው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ሆኖ፣ ዕቃውን ይዞ ነው የሚሳፈረው። ጀልባዋ ሰው ስትሞላ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ኋላዋን ቀብራ፣ ቤንዚን እየጠጣች ትንፏቀቃለች።

ልጁ ወደ ጎብዬ የደወለው ስለ ጀልባዋ ሊያማክር አልነበረም። 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አግኝቶ ገንዘብ ስለጎደለው፣ እናቱ ጥንድ በሬዋን እንድትሸጥለት ሊያስለምን ነው።

«ጋሼ፣ እናቴን እርስዎ ያናግሩልኝ። እርስዎ ካሏት እሺ ትላለች።»

«አናግራታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ሰው ሞልተህ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከፍተህ ስትሄድ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ይዞራል?»

«እሱን አላውቅም።»

«እንግዲያ መድከሙን በምን አወቅህ?»

መንገዱ ደህና በነበረ ሰሞን መካኒኩ በወልድያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ባህር ዳር ገባ። የያዘው ከካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መቁጠሪያ ነበር።

የጀልባ ፕሮፔለር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። አንደኛው ስፋቱ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠንካራ ነገር ውስጥ ቢገባ ኖሮ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደ ፊት እንደሚራመድ ይናገራል። ውሃ ስለሚያንሸራትት ያን ያህል አይራመድም፤ ቁጥሩ ግን ባሕርዩን ይገልጻል። ፒቹ የበዛ ፕሮፔለር ረጅም እርምጃ ይረግጣል፤ ያነሰው አጭር።

ለራያ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ጭነት የያዘ አይሱዙ የድልብን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል ምን ይሆናል? ሞተሩ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይግላል። ሞተሩ ደክሞ ግን አይደለም፤ ሾፌሩ ማርሽ አልቀነሰም። ከኋላ የሚንጠለጠለው የጀልባ ሞተር ወደ ፊት የሚሄድበት ማርሽ አንድ ብቻ ነው። «ማርሹን» የሚወስነው ፕሮፔለሩ ነው። የተሳሳተ ፕሮፔለር የገጠመ ሰው መኪናውን ዕድሜ ልኩን በአራተኛ ማርሽ እንደሚነዳ ነው።

የዚያች ጀልባ ፕሮፔለር ፒቹ 13 ነበር። የሞተሩ መመሪያ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር መድረስ አለበት ይላል። ሰው ተሞልቶ ሲለካ 4,600 ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ከፍታው ይገባል። የጣና ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ነው። ጣና ላይ ሲደረስ የጎደለው ከ17 በመቶ በላይ ይሆናል። «40» ተብሎ የተገዛው ሞተር ባህር ዳር ላይ 33 ነው ማለት ነው። ሰባቱ ፈረስ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል። ፕሮፔለሩ ግን ለ40ው የተመረጠ ነው። በካርቡራተር የሚሠራ አሮጌ ሞተር ከሆነ ደግሞ ለሳሳው አየር ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል ያስፈልጋል።

መካኒኩ ሞተሩን ከመንካቱ በፊት ሦስት ነገር አየ።

አንደኛ፣ የፕሮፔለሩን እምብርት። ብዙዎቹ ፕሮፔለሮች መሐላቸው ላይ የጎማ ማያያዣ አላቸው፤ ድንጋይ ሲመታ ጎማው ተንሸራቶ ማርሹን ያድናል። ጎማው ካረጀ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይሄድም። ይህንንም ሰው «ሞተር ደከመ» ይለዋል። የእነሱ ደህና ነበር።

ሁለተኛ፣ የሞተሩን አቀማመጥ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር ትካከላለች። ሞተሩ ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይጎትታል፤ ዝቅ ካለ ውሃው እግሩን ይይዘዋል። ይህም ደህና ነበር።

ሦስተኛ፣ የጀልባዋን ክብደት። ወለሉ ሲነሳ ከሥር ያለው ፎም ውሃ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ከብዷል። ያገለገለ ፋይበር ግላስ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የማያየው ይሄን ነው። ልጁ ከፍሎ የማይሳፈር መንገደኛ ለወራት ሲያመላልስ ኖሯል። የበሰበሰው ፎም ወጥቶ ተተካ።

ከዚያ ፕሮፔለር። ፒች በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ፒቹ 10 የሆነ ያገለገለ የአሉሚኒየም ፕሮፔለር ከሌላ ባለ ጀልባ ተለምኖ ተሞከረ። በዚያው ጭነት ሞተሩ ከ5,200 አለፈ። ጀልባዋ አፍንጫዋን አወረደች፤ ውሃው ላይ ወጥታ መሮጥ ጀመረች። መካኒኩ በዚህ ብቻ አልተወውም። ሰው አስወርዶ ባዶዋን አስነዳት፤ ዙሩ 6,000ን ማለፍ የለበትምና። አላለፈም። ባዶ ስትሆን የምትችለው ፍጥነት ትንሽ ተቀንሶባታል። እንጀራዋ ግን ባዶ መሮጥ አይደለም።

ብረቱ ለምን አሉሚኒየም ሆነ? የማይዝገው ብረት ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ በተመሳሳይ ሞተር የተሻለ ይሄዳል። ነገር ግን ድንጋይ ሲያገኘው ራሱ አይታጠፍም፤ ምቱን ወደ ማርሹ ያስተላልፋል። በደሴቶቹ ዳር ድንጋይ በሚደበቅበት፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ በወረረው ሐይቅ ላይ፣ ታጥፎ የሚቃና ርካሽ ፕሮፔለር ይሻላል። እምቦጩ ፕሮፔለሩ ላይ ከመጠምጠሙም በላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ መግቢያ ይደፍናል። ሞተሩ ይግላል፤ የጋለ ሞተር ደግሞ እውነትም ይደክማል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ትልቅ ሞተር ፈጽሞ አያስፈልግም?» የሚል ይኖራል። ያስፈልጋል። የሲሊንደሮቹ ግፊት ተለክቶ አንዱ ከሌላው በጣም ካነሰ ሞተሩ በእርግጥ አርጅቷል። ዙሩ ልክ ሆኖ፣ ክብደቱ ተቀንሶ፣ አሁንም ጭነቱን ካልቻለ ጉልበት ጎድሎታል። ያን ጊዜም ቀድሞ መታየት ያለበት ብዙ ፋብሪካዎች ጀልባው ላይ የሚለጥፉት ሰሌዳ ነው፤ የሚችለውን ከፍተኛ ጉልበትና ክብደት ይናገራል። ከዚያ በላይ የከበደ ሞተር ሲንጠለጠልበት የኋላው ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ኋላው ወደ ውሃው ይጠጋል። ጣና ጠዋት ዝም ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት፣ ማዕበሉ መጀመሪያ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ሃያ ሰው ጭኖ ለስምንት ሰው ብቻ ላይፍ ጃኬት ለያዘ ጀልባ፣ የሞተር ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ጃኬቱ መሄድ አለበት።

ረጅምና ከባድ ጀልባ ላለው ሰው ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ፣ ላዩ ላይ የማይወጣ ጀልባ ፍጥነቱን የሚወስነው ርዝመቱ ነው። 9 ሜትር የሆነው በሰዓት ከ13 ወይም 14 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ሲል የራሱን ማዕበል መውጣት ይኖርበታል። ለእሱ ሞተሩን እጥፍ ማድረግ ማዕበሉንና የቤንዚን ወጪውን ማሳደግ ነው። ጎብዬ ላይም ያው ነው፤ የፓምፕን ዙር በ10 በመቶ ለመጨመር የሚፈለገው ጉልበት በ33 በመቶ ያድጋል። ውሃ በርካሽ አይገፋም።

ይህ ሁሉ የተደበቀ ዕውቀት አይደለም። በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም በዓለም ውቅያኖሶች ላይ የሚሠሩ የመርከብ መሐንዲሶችን ያሠለጠነ ነው። መሐንዲስ ወደ ባሕር የሚልክ ከተማ፣ በሐይቁ ላይ ያለው ባለ ጀልባ የፕሮፔለሩን ቁጥር ማንበብ ሳይችል በሬ ሊያሸጥ ይነሳል። በመሐሉ ያለው ክፍተት ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ባለ ጀልባዎቹ በማኅበር ሆነው የተለያየ ፒች ያላቸው አራት አምስት ፕሮፔለሮች በጋራ ቢይዙ፣ አባሉ ሁሉ ሞክሮ ይገዛል። ከዙር መቁጠሪያና ከአንድ ጠዋት በላይ ምን ይፈልጋል? ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚመጣ ሞተር በግምት የሚቀየርበት ዘመን አይደለም።

ነገሩ ከጀልባም ያልፋል። የደከመ በሚመስል ነገር ሁሉ ላይ ትልቅ ሞተር መግጠም የአገር ልማድ ሆኗል። መሥሪያ ቤት ሲንቀራፈፍ አዲስ መዋቅር፣ መንገድ ሲጨናነቅ ሰፊ መንገድ፣ ምርት ሲያንስ ብዙ ማዳበሪያ። ሁሉም አንዳንዴ ልክ ነው። ግን ማን ለካ? ሙሉ ጭነት ላይ ስንት ይዞር ነበር? የጎብዬው መካኒክ ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አላስፈለገውም።

በሬዎቹ አልተሸጡም። ልጁ ግን 60ውን ሞተር እስከ አሁን ያልማል፤ ጎብኚው የተመለሰ ዕለት እገዛለሁ ይላል፤ የጀልባዋም ሰሌዳ ይፈቅድለታል። አጎቱ አልከለከለውም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የዓመቱን ዙር፣ ጭነትና ቤንዚን በደብተር እንዲጽፍ። ደብተሩ ሲሞላ እናቱን እሱ ራሱ ያናግርለታል።