ጣራ በሚያፈስበት ጊዜ መብራትን ስለ መጠንቀቅ

በመተማ ዮሐንስ የሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ፀሐይን ነው። ዓፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በወደቁበት በዚህ ቆላ፥ በሚያዝያ ወር ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ዕረፍት የሚሰጠን ቬንቲሌተር ነውና፥ ኤሌክትሪክን እንደ ባለውለታ እንጂ እንደ ጠላት አናየውም ነበር። ነገር ግን ይኸው ፀሐይ የጣራውን ቆርቆሮ ቀን ሲያሰፋው፥ ሌሊትም ቀዝቅዞ ሲሰበሰብ የምስማሩ ቀዳዳ እየላላ ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባም ውኃው በዚያው ይወርዳል።

በቤታችን የሆነው ይህ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ በኮርኒሱ ላይ የቡና እድፍ የመሰለ ነጠብጣብ ታየ። ባለቤታችን ሁለት ጊዜ ነገረችን፤ እኛም እናሠራዋለን እያልን ከሥሩ ሳህን አስቀምጠን ዝም አልን። የባለጉዳዩን ቀጠሮ አንዲት ቀን ሳናዛንፍ የምንጽፍ ሰዎች የራሳችንን ጣራ ሦስት ሳምንት ቀጠርነው።

አንድ ቀን ማታ ዝናቡ በርትቶ ሳለ አምፖሉ ይርገበገብ ጀመር፤ ከማብሪያውም ሥር እንደ ንብ ጥዝ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጃችን በባዶ እግሯ ርጥቡን መሬት ረግጣ የብረቱን በር ልትዘጋ ብትይዘው እጇ እዚያው ተጨብጦ ቀረ፤ ድምፅም አላወጣችም። እኛ ልንጎትታት ስንሮጥ ባለቤታችን «አይንኳት!» ብላ ጮኸችና ወደ ቆጣሪው ሮጣ ማጥፊያውን አወረደችው። ልጂቱም ወደቀች። እጇ ብዙ ቀን ደንዝዞ ሰነበተ እንጂ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ነፍሷ ተረፈች። በዚያች ሰዓት ነክተናት ቢሆን ኖሮ እኛም ከእርሷ ጋራ እንያዝ ነበር።

በማግሥቱ የመጣው የመብራት ሠራተኛ ነገሩን አስረዳን። ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያሳልፍም፤ በኮርኒስ ላይ የሚወርደው ግን አቧራውንና ጨውን አሟሙቶ ስለሚመጣ፥ ሽቦው ከተቀጠለበት ስፍራ እስከ በሩ ብረት ድረስ ለ220 ቮልት መንገድ ሆነለት። ቤቱም የመሬት ሽቦ አልነበረውም። እጅግ የደነቀን ግን ይህ ነው፤ ለሰው ልብ 30 ሚሊአምፔር እንኳ አደገኛ ሲሆን፥ የቆጣሪው ማጥፊያ ከ10 አምፔር በላይ ካልሆነ በራሱ አይወርድም። ስለዚህ በ30 ሚሊአምፔር የሚያጠፋውን ሌላ መሣሪያ አስገባን፤ የመሬት ሽቦም አስቀበርን፤ የራሰው ሽቦ ተለውጦ ሁሉም ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ አራት ሌሊት በሻማ አደርን።

ጣራውም ተሠራ። ልጃችን ግን እስከ ዛሬ ያንን በር የምትዘጋው በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነው።