መምህሩን ማን ያርመዋል?

እምነትንና ትምህርትን አዋሕዶ ማስተማር ለመናገር የሚቀል፥ ለመሥራት ግን የሚከብድ ነገር ነው። ብዙ ሰው መስቀል ከግድግዳ ላይ ከተሰቀለና ትምህርቱ በጸሎት ከተጀመረ ነገሩ የተፈጸመ ይመስለዋል። እኔ ግን በቅኔ ቤት እንዳየሁት፥ ውሕደቱ የሚገኘው በመምህሩ ጠባይና በሥራው ጥራት ነው፤ መምህሩም ደጋፊ ካላገኘ ብቻውን አይዘልቀውም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በሐዋሳ ከተማ ባህል አዳራሽ ስለ ትምህርት በተደረገ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። በአንድ የሃይማኖት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ቀረበኝና፥ «የኔታ፥ እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ እምነቱን በየት በኩል ላግባው?» ሲል ጠየቀኝ።

ቤቱ የባህል ነውና መልሱን ከአገሩ ባህል ጀመርሁለት። የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትን ተመልክተው የፍቼ ጨምበላላን ቀን ለይተው ያስታውቃሉ፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በእኛም ዘንድ ባሕረ ሐሳብ አለ። በ2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲጨመር 7517 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ከዚህም 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል፤ ድምራቸውም 30 ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው የጾሙንና የበዓሉን ቀን ያፋልሳል፤ የተሳሳተውንም ቁጥር ጸሎት አያቃናለትም። «እንግዲህ ልጄ፥ አጥርቶ ማስላት ራሱ አገልግሎት ነው። በሒሳብህ ላይ ጥቅስ አትለጥፍ፤ ሒሳብህን በታማኝነት አስተምር፤ ደካማውንም ተማሪ ሳትንቅ ታገሠው» አልሁት።

ወጣቱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ይህን የሚያሳየኝ ማን ነው? ከተቀጠርሁ ጀምሮ ሳስተምር ገብቶ ያየኝ ሰው የለም» አለኝ። ይህ ቃል ከሄድሁ በኋላም ከልቤ አልወጣም።

በቅኔ ቤት መምህሩ እንዲህ ብቻውን አይጣልም። ወንበር ከመዘርጋቱ በፊት እርሱ ራሱ ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር፥ በጓደኞቹም ፊት ሲታረም ኖሯል። ማስተማር የሚጀምረውም ተመርቆ ነው። ተማሪውም ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፥ ከጎንጅ ወደ ዋድላ ስለሚዞር የአንዱ መምህር መንገድ በሌላው ዘንድ ይመዘናል። እንጀራውንም ቢሆን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙ ደብር ከመሬቱ ይቆርጥለት ነበር። የተራበና የተረሳ መምህር ስለ ትዕግሥት ቢያስተምር ቃሉ አይጣፍጥምና።

በአዲስ አበባ ያለው የቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት በ1953 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ፥ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፥ ኋላም ተከፍቶ፥ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የተዘጋ ሕንፃ እንዲህ ይከፈታል፤ ተስፋ ቆርጦ ልቡን የዘጋ መምህር ግን በቀላሉ አይከፈትም።

ስለዚህ የሃይማኖት ዩኒቨርሲቲ ያላቸው ሁሉ ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ይመስለኛል። ፊተኛው፥ ለአዲስ መምህር አንድ ሸምገል ያለ መምህር ዓመት ሙሉ ባልንጀራ ይሁነው፤ ወደ ክፍሉም የሚገባው ለደመወዝ ነጥብ ሊሰጥ ሳይሆን ወንድሙን ሊያቀና ይሁን። ሁለተኛው፥ መምህራን በየሳምንቱ ተሰብስበው እያንዳንዱ ያስተማረውን እንደ ቅኔ ይንገር፤ የሒሳቡም የሥነ ፍጥረቱም የነገረ መለኮቱም መምህር አንዱ ሌላውን ይስማው። ሦስተኛው፥ ለዚህ ሁሉ ጊዜና በቂ እንጀራ ይሰጣቸው፤ ሸክም ጨምሮ መንፈሳዊነትን መጠየቅ ግፍ ነውና።

ቅኔን የሚያርም ሊቅ የባለቅኔው ጠላት አይደለም፤ ቤቱ ሳይጎድል ምሥጢሩም ሳይፋለስ እንዲወጣለት የሚተጋ ወዳጁ ነው። መምህሩም እንዲህ ያለ ወዳጅ ሲያገኝ እምነቱ ከትምህርቱ ጋር ሳይነገርለት ይታያል።