ፈረስ ቤቱን ያውቃል

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። ጥርባ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ባሕር ዳር የሚኖረው ልጄ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ መልካም ወሬ አያመጣምና ደነገጥኩ። እሱም ይህን ስለሚያውቅ፣ “አባባ፣ አይደንግጡ፤ ሰው ሁሉ ደኅና ነው” ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ብስክሌቱ ትናንት ማታ ተሰረቀ” አለኝ።

መጀመሪያ “ተመስገን” አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንገበገበኝ።

ለምን እንዳንገበገበኝ ለመናገር ከፈረስ መጀመር አለብኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ጡረታ ብወጣም ከፈረስ አልወጣሁም። በእኛ በአዊ ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለቅሶ ያደርሳል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው፣ ፈረስ ለእኛ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። በዓድዋ የዘመቱት ፈረሶች ውለታ ሳይቀር የሚነሣው በዚያ ቀን ነው።

ሁለት ፈረሶች ነበሩኝ። አንዷ አሮጊት ባዝራ ናት። ሁለተኛው የእሷ ልጅ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው፤ ቦራ እንለዋለን። የልጅ ልጄ 9ኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤቷ ከከተማው ሌላ ጫፍ ሆነ። በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በየቀኑ የደርሶ መልስ የባጃጅ ሒሳብ ደግሞ የአባቷ ደመወዝ አይችለውም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሴቱም ወንዱም ሠራተኛውም ተማሪውም ብስክሌት የሚነዳባት ከተማ ናት። ቦራን ሸጥኩና በ12,000 ብር ሰማያዊ ብስክሌት ገዛሁላት። ጎረቤቶቼ “መምህር ፈረስ ሸጦ ጎማ ገዛ” እያሉ ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጅቷ ብስክሌቱን እየነዳች የተነሣችውን ፎቶ በስልክ ሲያሳዩኝ ግን ቦራ አልቆጨኝም።

ሐሙስ ጠዋት እንጅባራ ወጥቼ መኪና ያዝኩ። አዲስ ቅዳምን፣ ዳንግላን፣ ዱርቤቴን፣ መራዊን እስካልፍ ድረስ የማስበው አባቴን ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ፈረሳችን ተሰርቆ ነበር። አባቴ ብዙም አልተጨነቀም። “ፈረስ ቤቱን ያውቃል፤ ልጓሙ ከላላለት ይመጣል” አለ። እውነትም በአራተኛው ቀን ገመዱን እየጎተተ መጣ። ባይመጣ ኖሮ ደግሞ አውጫጭኝ ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ያየ ሰው በግልጽ መመስከር ከፈራ “ወፍ ነገረችኝ” ብሎ ይጠቁማል። በትንሽ አገር ሰው ሁሉ ሰውን ያውቃል፤ ፈረሱንም በቀለሙ፣ በአረማመዱ፣ በግንባሩ ምልክት ያውቀዋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ማንን ሰብስቤ ማንን ላውጣጣ?

ቤት ስደርስ ልጅቷ ጓዳ ገብታ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጥያቄ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ለማድረግ አንድ ሱቅ ትገባለች። ብስክሌቱን በር ላይ አስደግፋ “አምስት ደቂቃ ነው” ብላ ሳትቆልፈው ትተወዋለች። ስትወጣ የለም። አባቷ በንዴት “የአያትሽን ፈረስ በአንድ ቀን አስበላሽው!” ብሏታል። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰችም፤ ቃልም አልተነፈሰችም።

አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ “ልጄ፣ ፈረሱን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ብስክሌቱን የሰረቀው ሌባው ነው። አለመቆለፍሽ ስሕተት ነው፤ ስርቆቱ ግን ያንቺ አይደለም” አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ እንጀራ ቀረበ፤ አብረን በላን።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የተቀበለን ወጣት ፖሊስ በትሕትና አስቀመጠን።

“አባቴ፣ ብስክሌቱ ምን ዓይነት ነው?”

“ሰማያዊ ነው።”

ፈገግ አለ። “እዚህ ከተማ ሰማያዊ ብስክሌት ስንት ይመስልዎታል? ደረሰኝ ይዘዋል?”

እዚህ ላይ አፈርኩ። ስገዛው ነጋዴው “ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልዎ” ብሎኝ ነበር፤ እኔም ቅናሹን ወድጄ እሺ ብያለሁ። ለሠላሳ ዓመታት ስለ ሐቀኝነት ያስተማርኩ ሰው!

“እሺ፣ ቁጥሩንስ ያውቁታል?”

“የምን ቁጥር?”

ግቢው ውስጥ ተይዘው የቆሙ ጥቂት ብስክሌቶች ነበሩ። አንዱን ገለበጠና ሁለቱ ፔዳሎች የሚገናኙበትን ወፍራም ቱቦ ከሥሩ አሳየኝ። ብረቱ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል። “አባቴ፣ ቀለም ይቀየራል፣ ጎማ ይቀየራል፤ ይህ ግን በቀላሉ አይጠፋም። እነዚህ የቆሙት የሰው ናቸው። ‘የኔ ነው’ ብሎ በማስረጃ የሚያሳይ ስለጠፋ ነው የቆሙት” አለኝ። ቦራን በጨለማ በትንፋሹ እለየው ነበር። በእሱ ዋጋ ስለገዛሁት ብስክሌት ግን ከቀለሙ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ይኼኔ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። “እኔ ምልክት አድርጌበታለሁ። ከኮርቻው ሥር በሚስማር ‘ጥርባ’ ብዬ ጽፌበታለሁ” አለች። አባቷ ዞር ብሎ አያት። ሌሊቱን ሙሉ ከጮኸባት ይልቅ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ኖሮ ይህን ትነግረው ነበር። ፖሊሱ ምልክቱን መዘገበልን።

ዓርብ እኔና እሷ ብስክሌት ጠጋኞችን ስንዞር ዋልን። አንዱ፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ሰውዬ፣ ሥራውን ሳያቆም ሰማንና እንዲህ አለ፦ “አባት፣ ብስክሌት በተሰረቀ ዕለት አንድ ነው፤ በሳምንቱ ሦስት ይሆናል። ቸርኬው ለአንዱ፣ ኮርቻው ለሌላው፣ ካቴናው ለሌላው ይሄዳል። ዋናው አካል ቀለም ይቀባና ሌላ ከተማ ይሸጣል። ቶሎ መጥታችኋል፤ ‘ጥርባ’ የሚል ኮርቻ ከመጣ እደውላለሁ።” ስልኬን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈው።

ወደ ማታ ነው ያ ነገር የተፈጠረው። አንድ ልጅ፣ ከእሷ ብዙም የማይበልጥ፣ ከኋላው ዳቦ የጫነ ሰማያዊ ብስክሌት እየነዳ መጣ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዘልዬ መሪውን ያዝኩ። “ከየት አመጣኸው?” አልኩት። ልጁ ከድንጋጤው ብዛት መልስ አጣ። ሰው ከበበን። ከመሐል አንዱ “ሌባ ነው!” ብሎ ጮኸ። አንድ ጎረምሳ ቀበቶውን ሲፈታ አየሁ።

የልጅ ልጄ ጎንበስ ብላ ከኮርቻው ሥር አየች። “አባባ፣ የኔ አይደለም! ልቀቀው!” አለች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። የተሰበሰበው ሰው እንዳመጣጡ ተበተነ። ልጁ ግን እዚያው ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ ስል “ኧረ አባባ፣ አይሆንም!” ብሎ ያዘኝ። የወደቁትን ዳቦዎች ሒሳብ ከፍዬ ተለያየን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት “ሌባው አንተ ነህ፣ ክፈል” ይባል ነበር። ለተማሪዎቼ ይህን የኋላ ቀር ፍርድ ምሳሌ አድርጌ አስተምር ነበር። ያን ዕለት ግን ራሴ ሌባ ሻይ ሆኜ ዋልኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ባታይ ኖሮ በአንድ ብስክሌት ሰበብ የሰው ልጅ ደም ይፈስ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ወጣን። ከሰው ግርግር መሐል አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ “አባት፣ ብስክሌት ፈልገው ነው? ኑ” አለን። ከአንድ አጥር ጥግ ቀይ ብስክሌት አቁሟል። አዲስ ነው ማለት ይቻላል።

“ስንት ነው?”

“4,000 ብር።”

“ደረሰኝ አለው?”

“አባት፣ በዚህ ዋጋ ደረሰኝ ይጠየቃል?”

እውነቱን ልናገር፤ እጄ ወደ ኪሴ ገባ። የእኛን ሰርቀውናል፤ እኛ ደግሞ ከማን እንደሆነ የማናውቀውን ብንገዛ ምን አለበት አልኩ በልቤ። ሰኞ በእግሯ ልትሄድ ነው። ወደ ጥርባ ባዶ እጄን ብመለስ ጎረቤት ምን ይላል? ኪሴ ውስጥ 5,000 ብር አለ። ሁሉም ነገር “ግዛ” ይለኛል።

ልጅቷ እንደ ትናንቱ ጎንበስ አለች። ከኮርቻው ሥር የኳስ ተጫዋች ምስል ተለጥፏል፤ ጫፉን ሰው ሊልጠው ሞክሮ አልተላጠለትም። ቀና ብላ በጆሮዬ፣ “አባባ፣ ይሄም የሆነ ልጅ ነው” አለችኝ።

እጄን ባዶውን አወጣሁ። ያ ልጅም እኮ አባቱ ጮኾበት ይሆናል፤ እሱም እህል አልቀመሰ ይሆናል። ወጣቱ ፊታችንን አይቶ ብስክሌቱን ይዞ በግርግሩ ውስጥ ተሰወረ። እኛም ያየነውን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ተናገርን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ጠበቃ ከሆነው፣ ጋር አወጋን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛውንም ይቀጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ዕቃው የተሰረቀበት መሆኑን ያስረዳ ባለቤት ከገዢው እጅ ሳይቀር መልሶ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። “ግን መምህር፣ ማስረዳት የሚለው ቃል ላይ ነው ሰው የሚወድቀው” አለኝ። እኔም የወደቅሁት እዚያ ላይ ነው።

ሰማያዊው ብስክሌት አልተገኘም። ግድግዳው ላይ ስልኬን የጻፈው ሰውዬም አልደወለም። የልጅ ልጄ ክረምት እስኪገባ ድረስ በእግሯ ተመላለሰች፤ አባቷ ግማሹን መንገድ እየሸኛት። በእግር ሲሄዱ ብዙ እንዳወሩ ሁለቱም ነግረውኛል። በቀጣዩ ዓመት ለሦስት አዋጥተን ሁለተኛ ብስክሌት ገዛን፤ ያገለገለ ቢሆንም ከነደረሰኙ፣ ከሻጩ ስምና ፊርማ ጋር። ሰንሰለቱ የፊት ጎማውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን አካልና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ከማይነቀል ብረት ጋር እንዲይዝ አድርጋ ትቆልፈዋለች። ፎቶው በአባቷ ስልክ ውስጥ አለ። አምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ዳቦ ቤትም ቢሆን፣ ይቆለፋል።

ቁጥሩ ደግሞ ጥርባ ነው ያለው። አባቴ ፈረሶቻችን የተወለዱበትን ቀንና ቀለማቸውን የሚጽፍበት አሮጌ ደብተር አለኝ። የመጨረሻው መስመር ላይ በእኔ እጅ “ቦራ፣ ዳማ፣ ግንባሩ ነጭ” ይላል። ከሥሩ የልጅ ልጄ ለእረፍት ስትመጣ ቁጥሩን በራሷ እጅ ጻፈችው፤ ፊደሉንም አሐዙንም እየደጋገመች አንብባ አረጋገጠች። ፈረስ ቤቱን ያውቃል። ይህን ግን እኛ ካላወቅንለት ወደ ቤት የሚያመጣው የለም።