ከሆስፒታል መውጣት ሁሉ መዳን አይደለም

የኮሮና በሽታ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ጅጅጋ ከሚገኘው ቤታችን ገባ። የስኳር በሽታ ያለባቸው አያቴ ሆስፒታል ተኝተው በወጡ ዕለት ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን በግመል ወተት የፈላ፥ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣን፤ እሳቸውም ጠጡ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ማቀበል የእኔ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን «ድነዋል» ብዬ ኳስ ሜዳ ዋልሁ። በሳምንቱ ትንፋሽ አጥሯቸው ተመልሰው ተኙ።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፥ ዕድሜው የገፋ፥ ስኳር፥ የደም ብዛት፥ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከቫይረሱ ቢተርፍም ሰውነቱ ቶሎ አይጠናም፤ ደሙ ሊረጋ፥ ሳንባው እንደ ገና ሊታመም ይችላል።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ በሽተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ የማስታመሙ ሥራ ወደ እኛ ተላለፈ እንጂ አላለቀም። አያቴ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ መድኃኒታቸውን ሳላቀብል ከቤት አልወጣም።