«በዘራችን የለም»



ጠዋት መድረሳ ቀርተን፣ ከሰዓት በኋላ አስኳላ ተምረን ያደግን ወንድማማቾች ነን። ዛሬ እኛም እናስተምራለን። ይሁንና በገዛ ቤታችን የነበረውን ነገር ሳናውቅ ቆይተናል።

እህታችን ሁለተኛ ልጇን ስትገላገል ሕፃኑ አራት ኪሎ ተኩል መዘነ። እናታችን «ማሻአላህ፣ የጠገበ ልጅ!» ብላ እልል አለች። ምጡ ግን ሁለት ቀን ፈጅቶ እህታችን ለጥቂት ነው የተረፈችው። ለምን ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

ሦስተኛውን አርግዛ ሳለ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሐኪሟ የስኳር ምርመራ አዘዘላት። በባዶ ሆዷ ደም ሰጠች፤ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ጠጣች፤ ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ዳግም ሰጠች። የእርግዝና ስኳር ተገኘባት። እናታችን «ስኳር በዘራችን የለም!» አለች። እኛም እርሷን አመንን።

ልባችን ግን ስላላረፈ ማንበብ ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ሃፖ የተባለ ጥናት በ9 አገሮች ከ23 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን መርምሯል። የእናት ስኳር ከፍ ባለ መጠን ገዝፈው የሚወለዱ ሕፃናት እንደሚበዙ፣ አደጋው የሚጀምርበት ቁርጥ ያለ ድንበርም እንደሌለ አሳየ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የእናት ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ፅንሱም የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፣ ስብ ያከማቻል፣ ይገዝፋል። «የጠገበ ልጅ» ያልነው ምናልባት ይህ ነበር።

መፍትሔውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ የአመጋገብ ምክር፣ የስኳር ክትትልና ሲያስፈልግም ኢንሱሊን ካገኙት እናቶች ሕፃናት ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ከ100 አንድ ያህል ሲሆኑ፣ በተለመደው ክትትል ብቻ ከቆዩት ግን አራት ያህል ነበሩ።

ከሃፖ 15 ማዕከሎች አንዱም በአፍሪካ አልነበረም። በአገራችን ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የትግራይ ገጠር ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች በ3.7ቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጎንደር ከተማ ጥናት ደግሞ በ12.8ቱ ላይ አግኝቶታል። መለኪያቸው ስለሚለያይ ማነጻጸሩ ይከብዳል፤ «በዘራችን የለም» የምንለው ሳንለካ መሆኑ ግን ግልጽ ነው።

ረመዳን ሲገባ እህታችን «እጾማለሁ» ብላ አለቀሰች። ሐኪሟ ግን ለእርሷም ለፅንሱም ፈርቶ ከልክሏት ነበር። ይህን ይዘን ኡስታዛችን ዘንድ ሄድን። ለራሷ ወይም ለፅንሷ የምትፈራ ነፍሰ ጡር ሩኽሷ እንዳላት፣ የሐኪሙም ቃል እንደሚታይ ገለጹልን። ያን ጊዜ እናታችን ዝም አለች። በማግስቱ እራሷ ጾማ ለልጇ የምስር ወጥና ጎመን ሠርታ አቀረበችላት፤ ሻይውንም ያለ ስኳር።

አልሐምዱሊላህ፣ ሕፃኗ ሦስት ኪሎ ከሩብ ሆና በሰላም ተወለደች። እናቲቱ ግን ምርመራዋን አልጨረሰችም፤ ይህ ስኳር ከወሊድ በኋላ ቢጠፋም፣ በኋለኛው ዕድሜ የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ይበልጣልና።

ወንድሞችና እህቶች! በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች «ስኳሯ ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ በጊዜው አልጠየቅንም።

ወላሁ አዕለም።