የዳባት መዝገቦች የማን አደራ ናቸው?

የጎንደር ሕክምና ትምህርት ቤት ታሪክ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ሕንጻውንና ስመ ጥር ሐኪሞቹን ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ወረቀቱ ነው፤ በተለይ ከጎንደር ወጥቶ በወገራ በኩል ወደ ስሜን የወጣው ወረቀት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የደምቢያን ሜዳ የመታው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። ከዚያ መከራ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ ነበር የታሰበው። ተማሪ በቡድን ጤና ጣቢያ የመውጣቱ ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም። ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ምንጩን ያያሉ፣ ሽንት ቤት ያለውንና የሌለውን ይለያሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ። ማርክ ከተሰጠ በኋላ ግን ያን ሪፖርት ማን ያነሳዋል? አንድ ቀበሌ በዚያ ዓመት ምን ውሃ ይጠጣ እንደነበር የሚነግረን ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ነው።

ከጎንደር ወደ ስሜን በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለችው ዳባት ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የዳባት የምርምር ማዕከል በተመረጡ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ለቆ ሄደ እያለ ይመዘግባል። ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው ሲኖር መረጃ ሰብሳቢው ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል። ሕመሙ እንዴት ጀመረው? ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ተኛ? የት ወሰዳችሁት? እናት የልጇን አሟሟት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማታውቀው ሰው ትናገራለች። ከዚያ በቁጥር ተቀይሮ ጥናት ይሆናል። እሷ የሰጠችው ግን ቁጥር አልነበረም። መዝገቡን መጠበቅ ማዕከሉን ለሚመራው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ክብር ሲባል የሚደረግ ነገር የማይመስለኝም ለዚህ ነው፤ ዕዳው ለእሷ ነው።

ጤና ጣቢያዎችም ውስጥ ያው ነው። ወርሃዊ ሪፖርቱ በኮምፒውተር ወደ ላይ ሲላክ የሚሄደው ድምሩ ነው። ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ የታዘዘለት መድኃኒት ደብተሩ ላይ ይቀራሉ። ደብተሩ ሲሞላ መጋዘን ይገባል። የደጋው እርጥበት፣ አይጥና ምስጥ የቀረውን ይጨርሱታል።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ ሲደርስ ስንት ቤት ሐዘን እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። ከሰው ሕይወት ጋር የሚወዳደር ነገር የለም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መዝገብ በእንዲህ ያለ ቀን ምን ዋስትና አለው ብሎ መጠየቅ ግን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጄኔቫ ላይ ቤተ መዛግብት አለው። በደርግ ዘመን መምህራን የላከልን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲም የራሱ አለው። የዳባት ልጅ የአያቱን ዘመን ሊያጠና አውሮፓ ድረስ መሄድ አለበት?

ስካነር ከመግዛት በፊት ዝርዝር ይሠራ፦ የትኛው መዝገብ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት፣ በየትኛው ክፍል፣ በምን ሁኔታ። ቀጥሎ ቅጂው ከአንድ ከተማ በላይ ይቀመጥ፤ ደባርቅም አሁን ዩኒቨርሲቲ አለው። የታማሚ ስም ያለበት ደግሞ ለረጅም ዓመታት ዝግ ይሁን፤ ምስጢሩ ካልተጠበቀ ባይቀመጥ ይሻላል። ጡረታ የወጡ ነርሶችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች ይጠሩ። ያን የእጅ ጽሑፍና ምኅጻረ ቃል ማንበብ የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።

ከጎንደር ተመርቃችሁ ወደ ዳባት ወይም ወደ ደባርቅ የወጣችሁ ሁሉ፣ የቡድን ሪፖርታችሁ ቅጂ ወይም ፎቶ ቤታችሁ ካለ እባካችሁ አትጣሉት። ዓመቱንና ቀበሌውን ከጀርባው ጻፉበት።