የደላላ ሸቀጡ ቃሉ ነው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው በዕድሜው ከሚመርጣቸው ነገሮች መካከል እንደ ሥራ ከባድ የሆነ ጥቂት ነው። ልብስ ባያምር ይለወጣል፤ ሰፈር ባይስማማ ይለቀቃል፤ ሥራ ግን ውሎ አድሮ የሰውን ጠባይ ይቀርጸዋል። ልብስ ሰፊ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በዓይኑ ይለካል፤ ዳኛም በገበታ ላይ የሚሰማውን ወሬ እንኳ ያለ ምስክር አይቀበልም። እንግዲህ ሥራህን ስትመርጥ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስገኝልህ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያደርግህም መጠየቅ ይገባሃል። እኔ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ወደ ሥራዬ ገባሁና መልሱን በሌላ ሰው ጉዳት ተማርሁ። ስለዚህ ለሚከተሉኝ ቢጠቅም ብዬ የሆነውን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ሥራዬ ለሱቅ፣ ለቢሮና ለመጋዘን የሚሆኑ ቤቶችን ከሚፈልጓቸው ሰዎች ጋር ማገናኘት ነው። ባጭሩ ደላላ ነኝ። ይህ ስም ሲጠራ ፊቱን የሚያጨማድድ ብዙ ነው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን የሚያየው ራሱን ችሎ፣ ሙያዬ ብሎ፣ የሚዋዋሉትን ፈልጎ እንደሚያገናኝ ሰው ነበር። ስሙን ያቆሸሸው ሥራው ሳይሆን ሠራተኛው ነው። ከአቆሸሹትም አንዱ እኔ ነበርሁ።

በ1996 ዓ.ም. የሒሳብ አያያዝ ትምህርቴን ስጨርስ፣ በአዲስ አበባ በቦሌ በኩል በባሕር ዛፍ መወጣጫ የታጠሩ ሕንፃዎች በየቦታው ይነሡ ነበር። አባቴ በኪራይ ሱቅ ውስጥ ልብስ እየሰፋ ያሳደገኝ ሰው ስለ ነበረ፣ ባንክ ገብቼ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ እንድይዝ ይመኝ ነበር። እኔ ግን በሰፈራችን የሚኖር አንድ ደላላ አባቴ በብዙ ወር የማያገኘውን በአንድ ፊርማ ሲያገኝ አየሁ። የሚያብረቀርቅ ጫማውንም አየሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራውን የመረጥሁት ለሥራው ሳይሆን ለጫማው ነው።

ያ ሰው ለምኜው ተቀበለኝ። ጫማው የሚያብረቀርቀው ማታ ማታ ስለሚወለወል እንጂ አቧራ ስለማይነካው እንዳልሆነ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። «ከመናገርህ በፊት ተራመድ» አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሳንቲም ሳላገኝ ደብተር ይዤ መንገድ ለመንገድ ዞርሁ። በየሕንፃው ስንት ፎቅ እንዳለ፣ የትኛው ክፍል ባዶ እንደ ሆነ፣ ጠዋትና ማታ በደጁ ምን ያህል እግረኛ እንደሚያልፍ እጽፍ ነበር። የንግድ ቤት ኪራይ በካሬ ሜትር ተሰልቶ በወር እንደሚነገር፣ ምድር ቤት ከሁሉ የሚወደደውም አላፊ አግዳሚው ደረጃ ሳይወጣ ስለሚገባበት እንደ ሆነ ተማርሁ። ጠበቃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢቀመጥ ደንበኛው ፈልጎት ይወጣል፤ ዳቦ ሻጭ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢቀመጥ ዳቦው ይደርቃል። የሕክምና ቤት የሚከፍት ስለ ሊፍቱ ይጠይቃል፤ ወጥ ቤት ያለው ሰው ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ ኃይልና ስለ ፍሳሹ ይጠይቃል።

ሰውዬው ከዚህም ሌላ ሦስት ጥያቄዎችን አስጠናኝ። አንደኛው፣ መቶ ካሬ ሲባል ደረጃውና መተላለፊያው ተቆጥሮ ነው ወይስ ሳይቆጠር? ሁለተኛው፣ በተባለው ዋጋ ውስጥ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ ወይስ የለም? ሦስተኛው፣ አከራይ ነኝ የሚለው ሰው ካርታው በስሙ ነው ወይ፤ በቤቱስ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ አለበት ወይ? በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት እንደ ዕቃ እንደማይሸጥም አስረዳኝ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም በአዲስ አበባ ለንግድ የተሰጠ ቦታ ዘመኑ 60 ዓመት እንዲሆን ወስኖ ነበር። ስለዚህ በአገራችን የንግድ ሕንፃ የሚገዛ ሰው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ዘመን ይገዛል። ይህን የማያውቅ ደላላ ደንበኛውን ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚመራ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ በደብተሬ ጽፌ ነበር። በልቤ ግን አልተጻፈም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ አንዲት እናት ምግብ ቤት የሚሆን ምድር ቤት ፈልጊልኝ ብለው መጡ፤ ለዚህም ከወንድማቸው የተበደሩትንና ለዓመታት ዕቁብ እየጣሉ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ነበር። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ አዲስ ያለቀ ሕንፃ አሳየኋቸው። ወለሉ ያበራል፤ ደጁ ሰፊ ነው፤ ዋጋውም ከጎረቤቶቹ ይቀንስ ነበር። ቀደም ብዬ ብቻዬን በሄድሁ ጊዜ ግን የሕንፃው ዘበኛ «ክረምት ሲገባ ቱቦው መልሶ ይተፋል፤ ያለፈው ዓመት ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ነበር» ብሎኝ ነበር። የዋጋውን መቀነስ ምክንያት ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሴትዮዋ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ «ልጄ፣ የማላየው እንከን የለበትም?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴ በዚያ ሰሞን ታሞ ነበር፤ እኔም የቤት ኪራይ ነበረብኝ። ይህን የምጽፈው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ ፈተና ሁልጊዜ የሚመጣው በችግር ቀን መሆኑን እንድታውቀው ነው። «እኔ የማውቀው የለም፣ እማማ» አልኋቸው። ያን ቀን ማታ ከሁለቱም ወገን ገንዘቤን ተቀበልሁ።

ሐምሌ ላይ ቱቦው መልሶ ተፋ። እንደ ሰማሁ ሄድሁ። የጤፍ ጆንያው ረጥቦ ተኝቷል፤ ምጣዱ በጭቃ ተሸፍኗል፤ ሁለት ልጆች በባልዲ ውሃ ይቀዳሉ። ሴትዮዋ አልጮኹም፤ አልረገሙኝምም። «ዘበኛው ነግሬዋለሁ ይለኛል። እውነት ነው?» ብቻ አሉኝ። መሬት መሬት እያየሁ «እውነት ነው» አልሁ። እሳቸውም ፊታቸውን መልሰው ውሃ መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ወደ አሠልጣኜ ሄጄ ሁሉን ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ቤቱ የአከራዩ ነው፤ ገንዘቡ የተከራይዋ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ያንተ ሸቀጥ ቃልህ ብቻ ነበር። እርሱን በስንት ሸጥኸው?» አለኝ። የተቀበልሁትን ገንዘብ መጠን ስናገር፣ በራሴ አፍ ያወጣሁት ቁጥር እንዴት ትንሽ ሆኖ እንደ ተሰማኝ ልገልጽልህ አልችልም።

ገንዘቡን በወራት ውስጥ አጠራቅሜ ለሴትዮዋ መለስሁ። ውሉ እንዲፈርስ ከአከራዩ ጋር ተከራከርሁ፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሌላ ቤትም ያለ ዋጋ ፈለግሁላቸው። ገንዘቡን ቆጥረው ተቀበሉኝ፤ አላመሰገኑኝም፤ ማመስገንም አይገባቸውም ነበር። የወንድማቸውን ብድር ከፍለው ለመጨረስ ዓመታት ፈጀባቸው። ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል። ሁለተኛውን ምግብ ቤታቸውን ሲከፍቱ ግን ቤቱን ያስፈለጉት በሌላ ደላላ ነው። ገንዘብ ይመለሳል፤ እምነት ግን እንደ ወጣ አይመለስም።

ምናልባት «ከተማው ሰፊ ነው፤ አንዱን ባስቀይም ሌላ አገኛለሁ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ከተማ ግን ቦታውን ይለዋውጣል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ገበያ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር በፒያሳ ብዙ የቆዩ ሱቆች ፈርሰው ባለቤቶቻቸው አዲስ ቦታ ፍለጋ ወጡ። እንዲህ ባለ ቀን ነጋዴ የሚያምር ሕንፃ ከመፈለጉ አስቀድሞ የሚያምነውን ሰው ይፈልጋል። ያን ጊዜ ስልክህ የሚጮኸው ከዓመታት በፊት እውነቱን ስለ ተናገርህ ነው፤ ዝም የሚለውም ስለ ዋሸህ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ወጣት ወዳጄ፣ ይህን ሥራ ብትመርጥ አልከለክልህም። መልካም ሥራ ነው። አንድ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያፈስስበትን ደጅ ማሳየት ትልቅ አደራ ነው። ነገር ግን ከመግባትህ በፊት ራስህን ጠይቅ። ገንዘብ ሳታይ ለወራት መራመድ ትችላለህን? ሰው ጠርቶህ ሳይስማማ ሲቀር ሳትመረር ነገ ደግሞ ትሄዳለህን? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ኪስህ ባዶ በሆነበት ቀን «ይህ ቤት አይሆንዎትም» ለማለት ድፍረት አለህን?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች አዎን ብለህ ለሦስተኛው ብታመነታ፣ ጥቂት ቆይ። ስንቅህን አጠራቅም፤ ለጥቂት ወራት የሚበቃ ገንዘብ ሳትይዝ አትጀምር፤ የተራበ ደላላ እውነት ለመናገር ይቸግረዋልና። አሠልጣኝ ስትፈልግም ብዙ የሚያተርፈውን ሳይሆን የቀድሞ ደንበኞቹ ተመልሰው የሚመጡለትን ምረጥ። የቤቱን መልካም ጎን የምትጽፍበት ደብተር ሲኖርህ እንከኑንም በዚያው ገጽ ላይ ጻፍ፤ ለደንበኛህም ሁለቱን በአንድነት አንብብለት።

እኔ ዛሬም ቤት ሳሳይ በመጀመሪያ የምሄደው ወደ ሳሎኑ ሳይሆን ወደ ዘበኛው ነው። ክረምት ምን እንደሚመስል እጠይቀዋለሁ። የነገረኝንም፣ ቢጠቅመኝም ባይጠቅመኝም፣ ለሚከራየው ሰው እነግረዋለሁ።